ለደከመ ሰው የዛፍ ጥላ

(በድባጤ ለምእመናን ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



ስለ እህል፥ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ቆርቆሮ ስንነጋገር ቆይተን አሁን ስለ ዕረፍት ስናገር፥ አንዳንዶቻችሁ "ዕረፍት የጠገበ ሰው ወግ ነው" ትሉ ይሆናል። ነገር ግን በመተከል ያለፈውን ታውቃላችሁ። በተለይ በ2013 ዓ.ም. ብዙ ሰው ሞተ፤ ከድባጤና ከቡለን ብዙ ቤተ ሰብ ተፈናቀለ፤ በቻግኒ አጠገብ በራንች መጠለያ የከረመውም ብዙ ነው። ወደ ቀዬው ከተመለሰው መካከል ጎጆውን ሠርቶ ሳለ ሌሊት የሚባንን፥ ውሻ ሲጮኽ የሚደነግጥ፥ ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ልቡ ሌላ ስፍራ የሚሄድበት ሰው አለ። እንዲህ ላለ ሰው ዘር ብቻ ብንሰጠው የረዳነው በግማሽ ነው።

በ1982 እ.ኤ.አ. የጃፓን የደን መሥሪያ ቤት ሕዝቡ ወደ ደን እየሄደ እንዲያርፍ ሲመክር፥ ልማዱን "ሺንሪን ዮኩ" ብሎ ሰየመው። በደን መታጠብ ማለት ነው፤ ውኃ ግን የለበትም። ሰው በዛፎች መካከል በዝግታ ይመላለሳል፥ ይቀመጣል፥ ያያል፥ ያዳምጣል፥ ያሸታል። በ24 የጃፓን ደኖች ተደርጎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ ሰዎቹ በደን ሲቆዩ በከተማ ከቆዩበት ጊዜ ይልቅ የልብ ምታቸው ረጋ፤ የደም ግፊታቸውና ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ንጥረ ነገርም ዝቅ አለ። ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም ከአጭር ቆይታ በኋላ የተለካ ለውጥ ነው እንጂ ከበሽታ መፈወስ አይደለም።

ወገኖቼ፥ የጃፓኑን ምክር እንዳለ ወደ ድባጤ ማምጣት አንችልም። በእኛ ዘንድ እናቶች ልጅ አዝለው የተሸሸጉት በሽመል ጫካ ውስጥ ነው። የታጠቀ ሰው ይመጣል ተብሎ የሚፈራውም ከዚያው ከጫካ ነው። ለጉሙዝ ወገኖቻችን ደግሞ ጫካ ጓዳ ነው፤ ማር፥ የሽመል ቡቃያ፥ ሥራ ሥርና መድኃኒት የሚገኝበት። ፍርሃት ይህን ጓዳ ዘግቶባቸዋል። ስለዚህ የተጎዳን ሰው "ተነሥ፥ ጫካ ገብተህ ዕረፍ" ማለት ቁስሉን መንካት ይሆናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከጫካው ሳይሆን ከአንድ ዛፍ እንጀምር። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለው ዋርካ፥ በጤና ጣቢያ አጠገብ ያለው ማንጎ ይበቃል። ሰዓቱ ቀን ይሁን፤ ቦታው ዙሪያው የሚታይ ይሁን። ማንም ብቻውን አይቀመጥ፤ ዐይኑን እንዲጨፍንም አይታዘዝ። እግሩን በመሬት ላይ አሳርፎ በቀስታ ይተንፍስ። በዐይኑ የሚያየውን፥ በጆሮው የሚሰማውን፥ በእጁ የሚዳስሰውን አንድ በአንድ በልቡ ይጥራ። ሐሳቡ ወደ ዱሮው ቢሮጥበት ራሱን ሳይወቅስ ቀስ ብሎ ይመልሰው። ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። የከበደው ሰው ተነሥቶ ይሂድ፤ ለምን ተነሣህ አይባል።

ይህ ነገር የሌላ ሃይማኖት አይደለምን? የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ጆን ካባት ዚን የተባሉ አሜሪካዊ በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ለሕመምተኞች ያዘጋጁት ትምህርት ከቡድሂስቶች ልማድ የተቀዳ ነው፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። እሳቸው ያስተማሩት ግን አምልኮን ሳይሆን ትኩረትንና እስትንፋስን ነው። ለእኛም ጸጥታ እንግዳ አይደለም። ይስሐቅ ወደ ማታ ለማሰላሰል ወደ ሜዳ ይወጣ ነበር። ጌታችንም የደከሙትን ደቀ መዛሙርት ለብቻቸው ወስዶ እንዲያርፉ ነገራቸው። ኤልያስ ሞትን ለምኖ ከክትክታ ዛፍ በታች በተኛ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ አበላው፥ አጠጣው፥ ደግሞም ተኛ። "ምን ታደርጋለህ?" የሚለው ጥያቄ የመጣው ኋላ በኮሬብ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከጥያቄው እንጀምራለን።

በኡጋንዳ በራይኖ ካምፕ ለሚኖሩ ደቡብ ሱዳናውያን ስደተኛ ሴቶች፥ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው እንዲህ ያለ ልምምድ በድምፅ ተቀርጾ በቡድን ተሰጥቷቸው ነበር። በጥናቱ 694 ሴቶች ተካፈሉ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. እንደ ታተመውም ከሦስት ወር በኋላ ትምህርቱን የተከታተሉት ጭንቀታቸው ካልተከታተሉት ይልቅ ቀለል ብሎ ተገኘ። ስለዚህ ይህ ለሀብታም አገር ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም።

ነገር ግን ልኩን እንወቅ። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፥ የሌለ ድምፅ የሚሰማ፥ ወይም "ብሞት ይሻለኛል" የሚል ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ አብረነውም እንሂድ። ማንንም ያየውን እንዲናገር አናስገድድ። ዕረፍት የሰላምን፥ የፍትሕንና የእህልን ቦታ አይተካም። ለተራበ ሰው ጥላ ብቻ ማሳየት ፌዝ ነው።

በመጨረሻ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፥ እያንዳንዱ ጉባኤ በግቢው ያለውን ትልቅ ዛፍ ለከሰልም ለአዳራሽ ግንባታም ብሎ አይቍረጥ፤ ዛፍ የሌለው በዚህ ክረምት ዋንዛ ይትከል። ሁለተኛ፥ በጥላው ሥር ጉሙዝ፥ ሺናሻ፥ አማራ፥ አገው፥ ኦሮሞ ሳይባል ማንም ይቀመጥ፤ አንዱ ሌላውን ፈርቶ የሚርቀው ጥላ ዕረፍት አይሆንምና። ሦስተኛ፥ የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፥ እናንተም የሰው መከራ ስትሰሙ ውላችሁ ታድራላችሁ። የሰኞ ስብሰባችሁን ከመዝገቡ በፊት በዐሥር ደቂቃ ጸጥታ ጀምሩ። የደከመ ሠራተኛ ስም ይጽፋል እንጂ ሰውን አያይም።

እግዚአብሔር ይባርካችሁ።