ራስ ሲመታ ዐይን ለምን ይደክማል?

በመሐል ሜዳ የገና ጨዋታ ሲጫወት ሩር ራሱን የመታው፣ ወይም ከፈረስ የወደቀ ልጅ፣ ሕሊናውን ካልሳተ «ተርፏል» ተብሎ ይታለፋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ፊደል ይደራረብበታል፤ ብርሃንም ያስጨንቀዋል። ጉዳቱ ሁለቱን ዐይኖች አስተባብሮ በሚያዝዘው በአንጎል ላይ ስለ ሆነ፣ ዐይኑ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል። እርሳስ ወደ አፍንጫው ቀስ ብላችሁ አቅርቡለት፤ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ ሁለት ሆኖ ከታየው ለሐኪም አሳዩት። አብዛኛው ሰው በጥቂት ሳምንታት ይድናል፤ ላልዳነውም የዐይን ልምምድ አለለት። እስኪሻለው ድረስ ግን ወደ ጨዋታው አይመለስ። ደጋግሞ ካስታወከው፣ እንቅልፍ ከተጫጫነው፣ ወይም የብሌኖቹ ስፋት ከተለያየ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል አድርሱት። ማንበብ ያቃተውን ልጅ ሰነፍ ብሎ ከመቅጣት አስቀድሞ፣ ራሱን ተመትቶ እንደ ሆነ መጠየቅ የወላጅም የመምህርም ግዴታ ነው።