መለኪያና ተመዛኝ፦ ስለ ካራምቦል ቢልያርድ የአማተሮች ብሔራዊ ሻምፒዮና

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በሒሳብ ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ስለ ቢልያርድ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ ከመንገድ መውጣት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ውጤቱ በጥንቃቄ የሚመዘገብ ጨዋታ፣ ሰው ራሱን በቁጥር ለመመዘን ያደረገውን ጥረት ከነድካሙ ያሳያል። የእኛም ሙያ ከዚህ ጥረት ውጭ አይደለምና ጉዳዩ በብርቱ ይመለከተናል ብዬ አምናለሁ።

ካራምቦል ቢልያርድ ኪስ በሌለው ጠረጴዛ ላይ በ3 ኳሶች የሚካሄድ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ የራሱን ኳስ በዱላ መትቶ ሁለቱን ሌሎች ኳሶች ካስነካ 1 ነጥብ ያገኛል፤ እስኪስትም ድረስ ተራው የእርሱ ነው። በመጨረሻም ያገኘው ነጥብ ለተጫወታቸው ተራዎች ተካፍሎ አማካይ ውጤቱ ይወጣል። በ25 ተራ 100 ነጥብ ያገኘ ሰው አማካዩ 4 ነው ማለት ነው። ጨዋታውን የጀመረው ሰው የተወሰነለትን ነጥብ ቀድሞ ቢጨርስ እንኳ፣ ለባላጋራው አንድ የመዝጊያ ተራ ይሰጠዋል፤ የሁለቱ ተራ እኩል ካልሆነ ንጽጽሩ የተዛባ ይሆናልና። ሚዛን ሳይተካከል መዝገብ የማይዘጋ ባለሙያ የዚህን ደንብ መንፈስ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

እንግዲህ የዚህ ጨዋታ ታሪክ የሚያስተምረን የመጀመሪያው ነገር፣ መለኪያ ራሱ ሊሸነፍ የሚችል መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ዓ.ም. አሜሪካዊው ጄኮብ ሼፈር በአንድ ተራ ብቻ 690 ነጥብ አስመዘገበ። ዘዴው ኳሶቹን በጠረጴዛው ጠርዝ አጠገብ አሰባስቦ፣ ቦታቸውን እንዳይለቁ በቀስታ እየነካኩ መቀጠል ነበር። ቁጥሩ እጅግ ከፍ አለ፤ ጨዋታው ግን ሞተ። ተመልካቹ የሚያየው ነገር አጣ፤ ተቀናቃኙም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከመጠበቅ በቀር ድርሻ አልነበረውም። የጨዋታው ኃላፊዎች ሼፈርን አልቀጡትም፤ ደንብ አልጣሰምና። ያደረጉት ነገር መለኪያውን መለወጥ ነበር። በጠረጴዛው ላይ መስመሮች አሰመሩ፤ በመስመሮቹ በተከለለው ቦታ ውስጥ ጥቂት ነጥብ ከተገኘ በኋላ ቢያንስ አንዱ ኳስ ከክልሉ እንዲወጣ ደነገጉ። ዊሊ ሆፕ በ18 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1906 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ፈረንሳዊውን ሞሪስ ቪኞን ድል ያደረገው በዚህ ዓይነት ጨዋታ ነው። ከዚህም የሚከብደው የባለ ሦስት ጠርዝ ጨዋታ አለ፤ በእርሱ ነጥብ የሚቆጠረው የተጫዋቹ ኳስ ሁለተኛውን ኳስ ከመንካቱ በፊት ጠርዝ 3 ጊዜ ከነካ ብቻ ነው። በጨዋታው አንድ ነጥብ በአንድ ተራ ማግኘት ለብዙ ጊዜ እንደ ታላቅ ችሎታ ይቆጠር ነበር። 690 ትንሽ፣ 1 ትልቅ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ቁጥር ያለ ደንቡ አይነበብም።

ሁለተኛው ትምህርት ከሆላንድ የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ዓ.ም. የተመሠረተው የዚያ አገር የቢልያርድ ማኅበር፣ ብሔራዊ ሻምፒዮናውን ለጥቂት ምርጦች ብቻ አልተወውም። አማተር ተጫዋቾችን በአማካይ ውጤታቸው በደረጃ ይከፍላቸዋል፤ ለየደረጃውም የሚፈለገው ነጥብ የተለያየ ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ ከወረዳ ተነሥቶ በክልል አልፎ እስከ አገር አቀፍ ፍጻሜ የሚደርስ ውድድር ይካሄዳል። ስለዚህ ቀን በሥራው ውሎ ማታ በሰፈሩ ቡና ቤት የሚለማመድ ተራ ሰው፣ ከእኩዮቹ ጋር ተወዳድሮ የአገሩ ሻምፒዮን የመሆን ዕድል አለው። አማተር የሚለው ቃል ሥረ መሠረቱ አፍቃሪ ማለት ነውና፣ ይህ አሠራር ለቃሉ የሚገባውን ክብር ሰጥቶታል።

ሆኖም እያንዳንዱ መለኪያ የራሱን ፈተና ይወልዳል። ተጫዋቾች በአማካይ ውጤት ከተመደቡ፣ ችሎታውን ደብቆ በዝቅተኛው ደረጃ በመቆየት ድልን በርካሽ ለመግዛት የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። ሆን ብሎ የሳተውን ባልቻለበት ከሳተው የሚለይ ዳኛ የለም፤ ልዩነቱን የሚያውቀው የመታው ሰው ብቻ ነው። የማኅበሩ መድኃኒት፣ አማካዩ ከደረጃው ጣሪያ በላይ የሆነውን ተጫዋች ወደ ላይኛው ደረጃ ማሳደግ ነው። መድኃኒቱ ጠቃሚ ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። ደንቡ ከፍ ያለውን ውጤት ያያል እንጂ የተደበቀውን አያይም። ከዚያ በኋላ ያለው የሰውየው ኅሊና ነው።

ውድ ባልደረቦች፤ ከዚህ ሁሉ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ሙያተኛን በዘጋቸው መዝገቦች ብዛት ብቻ ብንመዝን፣ እንደ ሼፈር ኳሶች ቀላሎቹን ሰነዶች በአንድ ጥግ ሰብስቦ የሚነካካ ሠራተኛ እናፈራለን፤ ደንብ ስላልጣሰም ልንወቅሰው አንችልም። በሩቅ ወረዳ ብቻውን የተዝረከረከ ሰነድ የሚያስተካክለውን ወጣት፣ ረዳትና መሣሪያ ከተሟላለት የዋና ከተማ ባልደረባው ጋር በአንድ ቁጥር ብናስተያይ፣ የመዝጊያ ተራውን ነፍገነው ፍርድ ሰጠን ማለት ነው። የሚጎዳውም ወጣቱ ብቻ አይደለም፤ ማንም ያልነካው ከባድ ሰነድ ውስጥ የተቀበረው የሕዝብ ገንዘብ ጭምር ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለውይይት አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማኅበራችን የሥራ መመዘኛዎቹን በየጊዜው ይመርምር፤ ሁሉም በቀላሉ የሚያልፈው መመዘኛ ማንንም ከማንም አይለይምና። ሁለተኛ፣ ንጽጽር ሲደረግ የሥራው ክብደትና ሁኔታ ከቁጥሩ ጋር አብሮ ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ መለኪያ የማይደርስበትን ሥፍራ የሚጠብቀው ኅሊና ነውና፣ ለጀማሪ ባልደረቦቻችን ከስሌቱ እኩል ይህን እናስተምር።

የቢልያርድ ሰዎች መለኪያቸው ሲሸነፍ ጠረጴዛውን አላቃጠሉም፤ መስመር አሰመሩበት። ከእኛም የሚፈለገው ይኸው ነው።