አራቱ ተሸካሚዎች

በአጥቢያ መሪዎችና በፕሮጀክት ሠራተኞች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው፥ ጣሪያ ነድለው በጌታ ፊት እንዳወረዱት እናነባለን። ስለ ፈውሱ ብዙ ሰብከናል፤ ስለ ተሸካሚዎቹ ግን እምብዛም አላሰብንም።

በምንሠራበት ወረዳ አንዲት እናት የሁለት ወር ልጇን ታቅፋ ወደ ጸሎት ቤታችን መጣች። የሕፃኑ ራስ ከመጠን በላይ አድጎ፥ እርግብግቢቱም ተወጥሮ ነበር። ጎረቤቶቿ እርግማን ነው ብለዋታል። እኛ እርግማን አላልንም፤ ጸልየንላት «ጌታ ያውቃል» ብለን ወደ ቤቷ ሸኘናት። ከሦስት ወር በኋላ ባሏ ጊደር ሸጦ አዲስ አበባ ወሰዳቸው። ተራቸው እስኪደርስ ሳምንታት በሰው በረንዳ አደሩ። ሕፃኑ በሕይወት ተረፈ፤ ዓይኖቹ ግን ብርሃን አጡ። በመጸለያችን አናፍርም፤ ጸልየን በመቀመጣችን ግን እናፍራለን።

ሐኪሞች በሽታውን ሃይድሮሴፋለስ ይሉታል። በአንጎል ውስጥ ዘወትር የሚመነጨው ፈሳሽ መውጫ ሲያጣ ተጠራቅሞ አንጎልን ይጫናል። ቶሎ ከተደረሰበት ፈሳሹን በቀጭን ቱቦ ወደ ሆድ በማውረድ ይታከማል። በኡጋንዳ፥ ምባሌ ከተማ በሚገኘው የኪዩር ሚሲዮን ሆስፒታል ደግሞ ዶክተር ቤንጃሚን ዎርፍ ብዙ ሕፃናት ያለ ቱቦ የሚታከሙበትን ዘዴ አዳብረዋል።

በአገራችን የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ በርክተዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሆኖም ከ100 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ ገና ጥቂት ናቸው። በመኪና አደጋ ራሱን የተመታውም፥ የአንጎል ዕጢ ያለበትም፥ ሕፃኑም ለዚያው የቀዶ ሕክምና ክፍል ተራ ይጠብቃሉ።

ሐኪም ማሠልጠን የእኛ ሥራ አይደለም፤ መሸከም ግን የእኛ ነው። አልጋው አራት ማዕዘን አለው።

አንደኛ፥ የሕፃን ራስ ቶሎ ቶሎ ሲያድግ፥ እርግብግቢቱ ሲወጠር፥ ዓይኖቹ ወደ ታች ሲያዘነብሉ ካየን፥ እየጸለይን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ሁለተኛ፥ የገጠር አጥቢያዎች ለመጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ ያስቀምጡ፤ የከተማ አጥቢያዎችም ለእናትና ልጅ አንድ ማረፊያ ክፍል ያዘጋጁ።

ሦስተኛ፥ የገባው ቱቦ ሊደፈን ወይም ሊመረቅዝ ይችላል። ልጁ ካተኮሰው፥ ካስመለሰው ወይም ከደበተው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይመለስ።

አራተኛ፥ ጀርባቸው ሳይዘጋ የሚወለዱ ሕፃናትን ብዙ ጊዜ ይኸው በሽታ ያገኛቸዋል። የፅንሱ ጀርባ የሚዘጋው በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት፥ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው። ስለዚህ ሴቶች ከማርገዛቸው በፊት ጀምሮ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ እንዲወስዱ በጋብቻ ትምህርታችን እናስተምር።

ያች እናት አልተቀየመችንም፤ ዛሬም ልጇን እጁን ይዛ ወደ ጸሎት ቤታችን ታመጣዋለች። ባየነው ቁጥር የሚቀጥለውን ሕፃን እናስብ። ጌታ ለመሸከም ትከሻችንን ያበርታ። አሜን።