ዝቋላ፤ ሁለት ጸሎት የሚያርግበት ተራራ

ከቢሾፍቱ ወደ ደቡብ ስትመለከቱ ብቻውን ቆሞ የሚታያችሁ ተራራ ዝቋላ ነው። ከፍታው 3,000 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በአናቱ ላይ ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ ሐይቅ አለ። በዚያ የሚገኘውን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ገዳም ምእመናን በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ቀን ይሳለማሉ፤ የኦሮሞ ወገኖቻችንም ተራራውንና ሐይቁን በአባቶቻቸው ሥርዓት ያከብራሉ።

በሜክሲኮ አገር ቴፔያክ የሚባል ኮረብታ አለ። የአገሬው ሰዎች ቶናንትዚን የምትባለውን እናት ያከብሩበት እንደ ነበር ይነገራል፤ ዛሬ ካቶሊኮች የጓዳሉፔዋን ማርያም ይማጸኑበታል። በዚያ አዲሱ በፊተኛው ቦታ ተተካ፤ በዝቋላ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ኖረዋል።

ጥዱም እስከ ዛሬ የቆመው ተራራው ስለሚፈራና ስለሚከበር ነው። ይሁን እንጂ በመጋቢት 2004 ዓ.ም. ደኑን እሳት ያዘው፤ ለማጥፋትም ከአዲስ አበባ ሳይቀር ወጣቶች ተራራውን ወጡ።

እንግዲህ ለበዓል የምትወጡ ሁሉ፣ ያነደዳችሁትን እሳት ፈጽሞ ሳታጠፉ አትነሡ፤ የጎረቤታችሁንም ጸሎት አታቃልሉ። ደኑ ከጠፋ ለሁለቱም የሚተርፋቸው ራቁት ድንጋይ ነውና።