ስለ አንድ ትንሽ አየር መንገድ ታሪክ
(በበዓሉ ቀን በተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ሎጋንኤር ስለሚባለው የስኮትላንድ አየር መንገድ ነው። የአንድ ሥራ ታላቅነት የሚመዘነው በስፋቱ ሳይሆን በሚያቃልለው ችግር መሆኑን ታሪኩ ያስረዳናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ኩባንያ በ1962 ያቋቋመው ዊሊ ሎጋን የተባለ የሕንፃና የድልድይ ሥራ ተቋራጭ ነው። ሐሳቡም እርሱና ሠራተኞቹ በየቦታው ወደ ተበታተነው ሥራቸው ቶሎ እንዲደርሱ ነበር። የመጀመሪያው አይሮፕላን ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚይዝ ነበር። በ1966 ሎጋን በሌላ ድርጅት አይሮፕላን ሲጓዝ በደረሰ አደጋ ሞተ፤ የግንባታ ድርጅቱ የሠራው የቴይ ወንዝ ድልድይ በዚያው ዓመት ሲመረቅ ለማየት አልታደለም። የተከለው አየር መንገድ ግን ሥራውን ቀጠለ።

በ1967 በሰሜን ስኮትላንድ በሚገኙት የኦርክኒ ደሴቶች መካከል መብረር ተጀመረ። ከነዚህ አንዱ ከዌስትሬይ ወደ ፓፓ ዌስትሬይ የሚደረገው በረራ ነው። ርቀቱ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የተመደበለት ጊዜ 2 ደቂቃ ነው፤ ነፋስ ሲረዳ ከዚያም ያንሳል። በዓለም እጅግ አጭሩ መደበኛ በረራ ይህ ነው።

«ለ2 ደቂቃ መንገድ አይሮፕላን ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በመካከሉ ያለው ባሕር ነው፤ ባሕር ሲናወጥ ጀልባ አይሄድም። በዚህች ትንሽ አይሮፕላን ከደሴት ደሴት እየተዘዋወሩ የሚያስተምሩ መምህራን፣ ሐኪሞችና ሕሙማን ይጓዛሉ። ትርፍ ብቻ ቢቆጠር ኖሮ መስመሩ ገና ዱሮ በተዘጋ ነበር፤ ስለዚህ የደሴቶቹ ምክር ቤት በገንዘብ ይደግፈዋል። ባራ በምትባለው ደሴትም አይሮፕላኑ የሚያርፈው በባሕር ዳር አሸዋ ላይ ስለሆነ፣ የጉዞው ሰዓት የሚወሰነው ባሕሩ ሲሸሽ ነው።

ኩባንያው ከ1967 እስከ 2006 ድረስ ሕሙማንን ከደሴቶች ወደ ሆስፒታል ያመላልስ ነበር። ይህም ያለ መሥዋዕትነት አልሆነም፤ በ2005 አንድ የታመመ ልጅ ለማምጣት በሌሊት የተነሣ አይሮፕላን ባሕር ውስጥ ወድቆ፣ አብራሪውና የሕክምና ባልደረባው ሞቱ።

አየር መንገዱ ከ1994 ጀምሮ የታላላቅ ኩባንያዎችን ስምና ቀለም ይዞ ከበረረ በኋላ፣ በ2017 ወደ ራሱ ስም ተመለሰ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ለነርሱ ባሕር የሆነው ለእኛ ገደልና ተራራ ነው። በ1946 መብረር የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድም በዳኮታ አይሮፕላኖቹ በመኪና ብዙ ቀን የሚያስኬዱትን ከተሞቻችንን ያገናኝ እንደ ነበር አንርሳ። እንግዲህ ነገ መሐንዲስ፣ አብራሪ ወይም መምህር ስንሆን፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚኖሩበትን ሩቅ ስፍራ «ትንሽ ነው» ብለን አንለፈው። መንገድ ለተቆረጠበት ሰው የ2 ደቂቃ ጉዞ ታላቅ ነገር ነውና።