የኮሶ ዛፍ የላቲን ስም፤ አመጣጡና ትርጉሙ



ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣ መንገደኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከወይና ደጋ ወደ ደጋ ይሸጋገራል። ኮሶ የዚህ የላይኛው አገር ዛፍ ነው፤ በአብዛኛው ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ይበቅላል። በአማርኛ አንዱ ቃል ሦስት ነገር ይጠራል፤ ዛፉም ኮሶ፣ ከእንስቲቱ ዛፍ አበባ የሚዘጋጀው መድኃኒትም ኮሶ፣ በአንጀት የሚያድረው ትልም ኮሶ ነው። በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ ግን ዛፉ «ሐገኒያ አቢሲኒካ» ይባላል።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ዛፉን ለአውሮፓ ሲያስተዋውቅ፣ የእንግሊዙን የዕፀዋት ሊቅ ጆሴፍ ባንክስን ለማክበር «ባንክሲያ አቢሲኒካ» ብሎ ሰየመው። ይሁን እንጂ «ባንክሲያ» የሚለውን ስም ታናሹ ሊኔዎስ በ1782 ለአውስትራሊያ ዕፀዋት ሰጥቶት ስለ ነበር የብሩስ ስያሜ ሊጸና አልቻለም። በ1791 ጀርመናዊው ዮሐን ፍሪድሪክ ግሜሊን የመጀመሪያውን ቃል «ሐገኒያ» በሚል ተካው። ይህም በኮኒግስበርግ ከተማ መድኃኒት ቀማሚና መምህር ለነበረው ለካርል ጎትፍሪድ ሐገን (1749–1829) መታሰቢያ ነው። «የሐበሻ» ማለት የሆነው «አቢሲኒካ» ግን ብሩስ እንዳወጣው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ኩንት የተባለው ሊቅ በቁስጥንጥንያ የሠራውን ፈረንሳዊ ሐኪም ብራዬን ለማሰብ «ብራዬራ አንቴልሚንቲካ» የሚል ሌላ ስም አወጣ። ሁለተኛው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ፀረ ትል» ማለት ነው። የዛፉን ጥቅም የተናገረው ይህ ስም ብቻ ነበር፤ ነገር ግን በስያሜ ሕግ የቀደመው ስለሚጸና ወደቀ።

እንግዲህ የጸናው ስም ዛፉን የሚያከብረው ኢትዮጵያን ባልረገጠ ሰው ነው። ስለ ፈውሱ፣ ስለ መጠኑም ሆነ ስለ ጉዳቱ አንዳች አይናገርም። ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ መርዝ እንደሚሆንና ዓይንን ሊጎዳ እንደሚችል ግን ይታወቃል፤ ዛሬ በኒክሎሳማይድና በፕራዚኳንቴል የተተካውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህ ማለት የላቲኑ ስም ከንቱ ነው ማለት አይደለም። «ኮሶ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ መዝገብ ዛፉን ይሁን ትሉን አይለይም፤ የላቲኑ ስም ብቻ የሰፈረበት ደግሞ የትኛው አበባ፣ መቼ ተለቅሞ፣ በምን መጠን እንደሚጠጣ አያስረዳም። ይህን የሚያውቁት የደጋው አረጋውያን ናቸው፤ እነርሱም እያለፉ ነው። ስለዚህ የሙያው ሰው ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ይጻፍ፤ ከሥራቸውም አረጋውያኑ የሚነግሩትን ሳይዘገይ ያስፍር።