ኬላው ራሱ ይጠይቅ
(ለካምፑ የኮምፒዩተር ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ያደረግነው ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው በፕሮግራም ውስጥ የተደበቀ ስሕተትን ፈልጎ ስለ ማግኘት ነው። ከመካከላችን ፕሮግራም መጻፍ የጀመሩ ወጣቶች አሉ፤ ኮምፒዩተር ነክተው የማያውቁ ወላጆችም አሉ። ጉዳዩ ግን ሁላችንንም ይመለከታል። የሰው ቁጥር በኮምፒዩተር በሚደመርበትና በሚቀነስበት ዘመን፣ የፕሮግራም ስሕተት ከሰው ድርሻ ላይ የሚጎድል ነውና።

አንድ የመለማመጃ ምሳሌ እንውሰድ። 3,000 ቤተሰቦች የተመዘገቡበት ዝርዝር አለ እንበል። አንድ ሰው ካምፑን ለቆ ሲሄድ ቁጥር ያለው አንድ ወረቀት ይሞላል። 12 ብሎኮች አሉ፤ የእያንዳንዱ ብሎክ ወረቀቶች በየራሳቸው ፋይል ተቀምጠዋል፤ በጠቅላላው 800 ናቸው። ፕሮግራሙ ወረቀቱን እያነበበ ከቤተሰቡ ላይ አንድ ሰው ይቀንሳል። በመጨረሻ ሲደመር ግን 12 ሰው ጎደለ። ከየትኞቹ ቤቶች ነው የጎደለው?

ለዚህ ሥራ ‹ዲበገር› የሚባል መሣሪያ አለ። ፕሮግራሙን መሀል ላይ አቁሞ ውስጡን ያሳያል። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1986 የጻፈው ‹ጂ.ዲ.ቢ.› ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ፕሮግራሙ እንዲቆም የምናዝበትን ቦታ ‹ብሬክፖይንት› ይሉታል። እኛ ኬላ ብንለው ያስኬዳል፤ ኬላ ምን እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም።

በኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰሮች ላይ ዲበገሩ ኬላውን የሚተክለው፣ በዚያ ቦታ ያለውን ትእዛዝ የመጀመሪያ ባይት አንሥቶ 204 የሚል ቁጥር በመተካት ነው። ፕሮሰሰሩ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ ዲበገሩም ተራውን ይረከባል። ችግሩ ኬላው ያለፈውን ሁሉ ማስቆሙ ነው። 800 ጊዜ ቆሞ 800 ጊዜ ‹እለፍ› ማለት ማን ይችላል? ጄኔሬተሩ በሰዓት በሚሠራበት፣ በአንድ ኮምፒዩተር ብዙ ሰው በሚሰለፍበት ቦታማ ጭራሽ አይታሰብም።

ስለዚህ ኬላ ጠባቂውን እናሠለጥነዋለን። የመጀመሪያው ደረጃ ቅድመ ሁኔታ መስጠት ነው፦ «የቤተሰቡ ብዛት ከ1 ካነሰ ብቻ አቁም።» ሁለተኛው ደረጃ ‹ኮማንድስ› የሚባለው ነው። ኬላው ሲደርሱበት የሚፈጽማቸውን ትእዛዞች እንጽፍለታለን፦ በ‹ሳይለንት› የተለመደውን ማስታወቂያ ዝም ያሰኛል፤ በ‹ፕሪንትኤፍ› የቤተሰቡን ቁጥር ይጽፋል፤ በ‹ኮንቲኒዩ› ያሳልፋል፤ ዝርዝሩ በ‹ኤንድ› ይዘጋል። ከ‹ኮንቲኒዩ› በኋላ የተጻፈ ትእዛዝ አይፈጸምም፤ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ።

ይሁን እንጂ ይህ ብቻውን አያደርስም። 2 ሰው የነበረበት ቤት ሁለት ጊዜ ቢቀነስበት 0 ይሆናል፤ ኬላው ይይዘዋል። 5 ሰው የነበረበት ቤት ግን 4 መሆን ሲገባው 3 ይሆናል። 3 ትክክለኛ የሚመስል ቁጥር ነው። ዜሮ የሆነው ቤት ይጮኻል፤ 3 የሆነው ቤት ዝም ይላል። የሚጎዳውም ዝም ያለው ነው።

እዚህ ላይ ሦስተኛው ደረጃ ይመጣል። ጂ.ዲ.ቢ. እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው 7.0 ከተባለው እትም ጀምሮ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ትእዛዝ ይቀበላል፤ በኋላም ኬላውን ራሱን በፓይተን መጻፍ ተችሏል። ‹ስቶፕ› የሚባል ክፍል ይኖረዋል፤ መልሱ ‹ትሩ› ከሆነ ፕሮግራሙ ይቆማል፤ ‹ፎልስ› ከሆነ ያልፋል። ትልቁ ጥቅሙ ኬላው ያለፈውን ማስታወሱ ነው። ያለፈውን ወረቀት ቁጥር ሁሉ በዝርዝር ይይዛል፤ አንዱ ቁጥር ዳግመኛ ከመጣ «ይህንን ቀድሞ አሳልፌዋለሁ» ብሎ ያቆማል።

በምሳሌያችን የተደገሙት 12 ወረቀቶች ናቸው፤ ሁሉም የየብሎኩ ፋይል የመጨረሻ ወረቀቶች። ምክንያቱም በሲ ቋንቋ የታወቀ ስሕተት ነው። ፕሮግራሙ «ፋይሉ አልቋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ከማንበቡ በፊት ነው። ፋይሉ ማለቁ የሚታወቀው ግን ለማንበብ ተሞክሮ ሲታጣ ነው። ያኔ አዲስ የተነበበ ስለሌለ የመጨረሻው ወረቀት በእጅ ላይ ይቀራል፤ ተመልሶም ይቀነሳል። መድኃኒቱ ንባቡ መሳካቱን አረጋግጦ መቀነስ ነው።

ሦስት ማሳሰቢያ እንጨምር። አንደኛ፣ ኬላው ባያቆምም በየጊዜው ስለሚፈትሽ ፕሮግራሙን ያዘገያል፤ ብዙ በማይታለፍበት ቦታ ይተከል። ሁለተኛ፣ ‹ስቶፕ› ውስጥ የፕሮግራሙን ቁጥር መለወጥ ወይም ፕሮግራሙን ማንቀሳቀስ አይገባም፤ ጠባቂ ይፈትሻል እንጂ ጭነት አይነካም። ሦስተኛ፣ ለመለማመጃ የሰው እውነተኛ ስም አይግባ፤ ኬላው የሚጽፈው ወረቀት በማን እጅ እንደሚወድቅ አይታወቅምና።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ስሕተትን በግምት ማሳደድ ጊዜና ነዳጅ ይጨርሳል። ኮምፒዩተር ላይ ከመቀመጣችን በፊት «ኬላው ምን ይጠይቅ?» የሚለውን በወረቀት እንጻፍ። ጥያቄውን ለማውጣት መብራት አያስፈልግም። ወላጆችም ብትሆኑ የቤተሰባችሁ ቁጥር ተዛብቶ ካያችሁ «ኮምፒዩተሩ ነው ያለው» በሚል መልስ ብቻ አትመለሱ። ኮምፒዩተር የሚለው ሰው የጻፈለትን ነው፤ ሰው የጻፈውም ይመረመራል።